ወጣት የማረሚያ ፖሊስ አባላትን ለመመልመልና በሥራቸው ላይ ለማቆየት የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በሐዋሳና በአካባቢዋ የማረሚያ ተቋማትን የሰው ኃይል ሥራ የሚመሩ ባልደረቦች በተገናኘን ቁጥር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ወጣቶቹ ይመጣሉ፣ ይሠለጥናሉ፣ የደንብ ልብስ ይለብሳሉ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ግን ይለቃሉ፤ ምን ብናደርግ ይቆዩልናል?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በስልክ ከመመለስ በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ።

መመሪያው የተጻፈው ደመወዝ የመጨመር ሥልጣን ለሌለው ኃላፊ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ እስረኞች አያያዝ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች በደንብ 74 ላይ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ ተስማሚ ወንዶችንና ሴቶችን ለመሳብና ለማቆየት የሚበቃ መሆን እንዳለበት ስለሚደነግጉ፣ ለበላይ አካል በሚጽፉት የበጀት ጥያቄ ላይ ይህንኑ ይጥቀሱ። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ግን በራስዎ ፊርማ ሊፈጸም የሚችለው ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የተቋሙ የጥበቃ ምድብ ቦታዎች ሙሉ ዝርዝር፦ ማማ፣ ዋና በር፣ የፍተሻ ክፍል፣ የቤተሰብ መጠየቂያ፣ የፍርድ ቤት አጀብ፣ ክሊኒክ፣ የሥልጠና ወርክሾፕ
- ያለፉት 12 ወራት የስምሪት መዝገብ
- ባለፉት 3 ዓመታት የለቀቁ አባላት የግል ማህደር
- መስመር የተሠመረበት አንድ ወፍራም መዝገብና አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ
- ሁለት ሰዎች በር ዘግተው የሚነጋገሩበት ትንሽ ክፍል
- ለማለማመድ ሥራ የሚመረጡ ከ4 እስከ 6 ነባር አባላት
- ተቋሙ የሚተዳደርበት አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ቅጂ

የመጨረሻውን ቀላል አድርገው አይዩት። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 1174/2012 ሲተዳደሩ፣ የክልል ተቋማት የሚተዳደሩት በክልላቸው ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የፖሊስ አባላትንና በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ ሠራተኞችን አያካትትም። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ ማስታወቂያ ላይ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ የተጻፈውን ገልብጠው በራስዎ ማስታወቂያ ላይ ቢያወጡ ሊፈጽሙት የማይችሉትን ቃል መግባትዎ ነው።

ደረጃ 1፦ የለቀቁትን በቆይታቸው ይደርድሩ

የለቀቁትን አባላት ማህደር አውጥተው እያንዳንዱ ከተመደበ በኋላ ስንት ወር እንደሠራ ይጻፉ፤ ከዚያም በአራት ይክፈሏቸው፦ ሥልጠና ላይ እያሉ የሄዱ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የለቀቁ፣ ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት የቆዩ፣ ከዓመት በላይ የሠሩ። መከፋፈሉ የሚያስፈልገው መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። ሥልጠና ላይ የሄደው ሥራው ምን እንደሆነ ሳይነገረው የመጣ ሰው ነው። በ3 ወር ውስጥ የለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየውና የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው። ዓመት ሊሞላው ሲል የለቀቀውን የስምሪት መዝገቡ ላይ ይፈልጉት፤ እረፍቱ ስንት ጊዜ እንደተሰረዘ ያገኛሉ። ሁለትና ሦስት ዓመት ሠርቶ የሄደው ደግሞ የማዕረግ ዕድገት ወይም የትምህርት ዕድል ጠብቆ ያጣ ነው።

የመልቀቂያ ማመልከቻ ላይ የተጻፈውን ምክንያት አይመኑ፤ ሁሉም «በግል ጉዳይ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ክሊራንሱን ጨርሶ መልቀቂያውን በእጁ ካስገባ ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ደውለው ደህንነቱን ይጠይቁት፤ ያን ጊዜ የሚያስፈራው ነገር ስለሌለ እውነቱን ይነግርዎታል። እኔ በዚህ መንገድ ከደወልኩላቸው መካከል አንዱ ያለኝ፣ «ጋሼ፣ ደመወዙንማ ስገባም አውቀዋለሁ፤ የእህቴ ሠርግ ቀን ፈቃዴ በዋዜማው ተሰረዘ» የሚል ነበር።

ደረጃ 2፦ ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት ለአንድ ምድብ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ያስሉ

በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ስሌት ነው። ብዙ ተቋማት አንድ ማማ በቀን 3 ፈረቃ ስላለው 3 ሰው ይበቃዋል ብለው ይቆጥራሉ። ስሌቱ ግን ሰው እንደሚታመም፣ እንደሚያዝንና እንደሚያርፍ ይዘነጋል።

ዓመቱን 365 ቀን አድርገው ይነሱ። በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ቢሰጥ 52 ቀን፣ የዓመት ፈቃድ 20 ቀን፣ ለሕመምና ለሐዘን 10 ቀን፣ ለሥልጠና 5 ቀን ቢቀነስ አንድ አባል በእርግጥ ምድቡ ላይ የሚገኘው 278 ቀን ነው። 365ን ለ278 ሲያካፍሉት 1.31 ይመጣል፤ በ3 ፈረቃ ሲባዛ ለአንድ ማማ 3.94 ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። የሳምንቱ እረፍት 2 ቀን ከሆነ ምድቡ ላይ የሚገኝበት ቀን 226 ስለሚሆን ቁጥሩ ወደ 4.85 ከፍ ይላል። እነዚህን ቀናት በራስዎ ተቋም መዝገብ ተክተው ያስሉ።

እንግዲህ 10 የ24 ሰዓት ምድብ ላለው ተቋም የሚያስፈልገው 30 ሰው ሳይሆን በአንድ ቀን እረፍት 40፣ በሁለት ቀን እረፍት 49 ሰው ነው። የጎደሉት ሰዎች ሥራ ሳይሠራ አያድርም፤ የሚሠራው ከአባላቱ እረፍት ተነጥቆ ነው። ነባሩ አባል ቤተሰብ አለው፣ ከተረኛ ኃላፊው ጋርም ዓመታት አብሮ ሠርቷል፤ ስለዚህ እረፍቱ የሚነጠቀው አዲሱና ወጣቱ ነው። በተቋሙ ውስጥ ማንም ክፉ ሳይሆን ወጣቱ በየሳምንቱ ይበደላል።

የሚፈለገውን ቁጥር መቅጠር ካልቻሉ ምድቦቹን ይመርምሩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ተቆልፎ የሚያድር በር ሦስት ፈረቃ የሚጠበቅበት ምክንያት አለ? በቀን ፈረቃ ብቻ የሚሸፈን ምድብ የሚፈልገው 1.31 ሰው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ምድብ መዝጋትም ሆነ ማጣመር የጸጥታ ጉዳይ ስለሆነ በሰው ኃይል ክፍል ብቻ አይወሰንም። ስሌቱን አዘጋጅተው ለጥበቃና ደኅንነት ኃላፊው ያቅርቡ፤ ውሳኔውንም በጽሑፍ ይቀበሉ። የጎደለውን ለመሙላት ታራሚን በታራሚ ላይ ሥልጣን ሰጥቶ ማሠራትም አይፈቀድም፤ የማንዴላ ደንብ 40 ታራሚ በዲሲፕሊን ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይከለክላል።

ደረጃ 3፦ እውነቱን የሚናገር ማስታወቂያ ይጻፉ

«ማራኪ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም» የሚለውን ሐረግ ይተዉት። ወጣቱ ማስታወቂያውን በቴሌግራም አይቶ ዘመዱን ሲጠይቅ ደመወዙን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ቀሪውንም አያምንም። የሚከተለውን ዓይነት አጻጻፍ ይሞክሩ፦

«ሥራው በፈረቃ ነው። በወር ውስጥ ከ7 እስከ 10 ሌሊት ተረኛ ይሆናሉ። በግቢ ውስጥ የግል ስልክ አይያዝም። በዓል ላይ ተረኛ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ ተራው በጽሑፍ ይወጣል። የመነሻ ደመወዙ ይህን ያህል ብር ነው። የስምሪት ተራዎን ከ14 ቀን በፊት ያውቃሉ።»

ቁጥሮቹን በራስዎ ተቋም ቁጥሮች ይተኩ፤ የአገልግሎት ግዴታ ካለም ስንት ዓመት እንደሆነና ሳይፈጽሙት መውጣት ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ይጻፉ። የአመልካቹ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። ከማመልከት የሚቀሩት ግን ሥልጠና ላይ እያሉ ይሄዱ የነበሩት ስለሆኑ ያወጡበት የነበረውን የሥልጠና ወጪ ያተርፋሉ።

ማስታወቂያውን በየክፍለ ከተማውና በየቀበሌው ሰሌዳ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እንዲሁም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ይለጥፉ። በሲዳምኛና በአማርኛ ይውጣ፤ ታራሚውና ሊጠይቀው የሚመጣው ቤተሰብ ሁለቱንም ስለሚናገር ሁለቱን ቋንቋ የሚችል አባል በፍተሻና በቤተሰብ መጠየቂያ ላይ ብዙ ግጭት ያስቀራል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወጣቶችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ በብዛት ሲቀጥር ስለቆየ፣ ከዚያ የወጡትን ለይተው ይጋብዙ፤ ፈረቃ መግባትን፣ ቆሞ መዋልንና ሰዓት ማክበርን ለምደው ነው የሚመጡት።

ደረጃ 4፦ ከፈተናው በፊት አመልካቹን ከአንድ የቤተሰብ አባል ጋር ይጋብዙ

የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያለፉትን በቡድን በቡድን ከእናት፣ ከአባት ወይም ከትዳር አጋር ጋር ለግማሽ ቀን ይጥሩ። ወጣቱ ሌሊት አድሮ ሲመጣ የሚያጽናናውም «ምን አስገባህ?» የሚለውም ቤተሰቡ ነው። እናት ልጇ የሚያድርበትን ቦታ በዓይኗ ካየችና የተረኛ ኃላፊውን ስም ካወቀች፣ ቢያንስ በሰፈር ወሬ አትሸበርም። መኝታ ክፍሉን፣ የመመገቢያውን ሁኔታ፣ ውጪያዊውን የጥበቃ ዙሪያና የፍተሻ ክፍሉን ያሳዩ፤ ከዚያም ሥራ ከጀመረ አንድ ዓመት የሞላው አባል ኃላፊ በሌለበት ጥያቄ እንዲመልስላቸው ያድርጉ። ኃላፊው አለመኖሩ ግድ ነው፤ አለበለዚያ የሚሰሙት ንግግር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጎብኚዎችን ወደ ታራሚዎች ማደሪያ አያስገቡ፤ ፎቶግራፍም አይነሳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ የመያዝ መብት እንዳላቸው ስለሚደነግግ ታራሚ ለምልመላ ማሳያ ሊሆን አይችልም።

ደረጃ 5፦ በሁኔታ ጥያቄ ይምረጡ

«ለምን ይህን ሥራ መረጥክ?» ለሚለው ሁሉም አጥንቶ የመጣውን «ሀገሬን ለማገልገል» ይመልሳል። ይልቁን ሁኔታ ይስጡት፤ ለምሳሌ፦ «ቆጠራ ላይ አንድ ታራሚ ከፍራሹ አልነሳም ብሎ ሰደበህ፤ ሌሎቹ እያዩህ ነው። መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?» ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው፣ ታሞ እንደሆነ የሚጠይቀውና ለተረኛ ኃላፊ የሚያሳውቀው የተሻለ ነጥብ ያግኝ። የማንዴላ ደንብ 82 ኃይል መጠቀምን ራስን ለመከላከል፣ የማምለጥ ሙከራን ለማስቆምና በሕግ ላይ ለተመሠረተ ትእዛዝ የሚደረግን አካላዊ እምቢታ ለመቋቋም ብቻ፣ ያውም ከሚያስፈልገው ሳያልፍ፣ ስለሚፈቅድ ለመምታት የሚቸኩል ምልምል ነገ ተቋሙን ለክስ፣ ራሱን ለስንብት ያደርሳል።

በተቋሙ ውስጥ የታሰረ ዘመድ እንዳለውም ይጠይቁ። መኖሩ ብቻውን የሚጥለው አይደለም፤ ምድቡን ግን ይወስናል። ነጥቦቹን ሦስት ሰዎች ለየብቻ ይሙሉ፣ ውጤቱም ይለጠፍ። በዘመድ የገባ አንድ ሰው ካለ አብረውት የሠለጠኑት ሁሉ ስለሚያውቁት፣ ዕድገትም በዚያው መንገድ እንደሚሰጥ ገምተው ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራሉ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት በአለማማጅ ይምሩ

መደበኛው ሥልጠና እንደተጠናቀቀ አዲሱን አባል ብቻውን ማማ ላይ አይስቀሉት። ለእያንዳንዱ አንድ አለማማጅ ባልደረባ ይመድቡ። አለማማጁ ብዙ ዓመት ያገለገለው ሳይሆን ታራሚዎች በስሙ የሚጠሩት፣ የማይጮህና ሪፖርት በአግባቡ የሚጽፍ ይሁን። የቅርብ አለቃው አይሁን፤ ሰው የማያውቀውን ነገር ነጥብ ለሚሰጠው አለቃ አይናገርም።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት አዲሱ አባል ከአለማማጁ ጋር አንድ ፈረቃ ይግባ። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ሥራውን ራሱ ይሥራ፣ አለማማጁ ያስተውል። ከዚያ በኋላ ብቻውን ይመደብ፤ ሆኖም እስከ 90ኛው ቀን አለማማጁ ያለበት ፈረቃ ላይ ይቆይ። በ30ኛው፣ በ60ኛውና በ90ኛው ቀን በትንሿ ክፍል 20 ደቂቃ ተቀምጠው ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት፦ ምን አስቸገረህ? ማን ረዳህ? ቃል ተገብቶልህ ያልተፈጸመ ነገር አለ? መልሱን በመዝገቡ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከዚያው ይጀምሩ። ካልጻፉት የ60ኛው ቀን ውይይት የ30ኛው ድግግሞሽ ይሆናል።

አለማማጁ ከሁሉ አስቀድሞ ማስተማር ያለበት ስለ «ትንሽ ውለታ» ነው። ነባር ታራሚ አዲስ ፊት ሲያይ ይፈትናል፤ ጥያቄውም ክፉ መስሎ አይመጣም። በዕድሜ የገፉ ታራሚ ወደ ወጣቱ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይቺን ቁጥር ደውልና ‹አባትሽ ደህና ነው› በልልኝ፤ ሌላ አይደለም» ይላሉ። ልጁ በአስተዳደጉ ሽማግሌን እምቢ ማለት ነውር ነውና ይደውላል። በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤ፣ ከዚያ ሲጋራ፣ ከዚያ የሞባይል ሲም ካርድ ይከተላል፤ እምቢ ሲል ደግሞ «የመጀመሪያውን ልናገር?» ይባላል። ብዙ ወጣቶች በድንገት የሚጠፉት እዚህ ላይ ነው። መልሱን ቃል በቃል ያለማምዷቸው፦ «አባቴ፣ ስልክ የሚደወልበት ሰዓት አለ፤ ለተረኛ ኃላፊው ነግሬ ተራ አስይዝልዎታለሁ።» አክብሮቱ አለ፣ ሥርዓቱም አልተጣሰም። ቃል የገባውን ደግሞ በዚያው ፈረቃ ይፈጽም።

ይህ የሚሠራው አንድ ጊዜ የተሳሳተው ወጣት ራሱ መጥቶ ሲናገር ሳይቀጣ የሚስተናገድበት መንገድ ካለ ብቻ ነው። ጥፋቱ ዕፅ፣ መሣሪያ ወይም ገንዘብ እስካልነካ ድረስ በ48 ሰዓት ውስጥ ራሱ ያሳወቀ አባል በምክር እንዲታለፍ የሚያስችል የውስጥ አሠራር በጽሑፍ ያስጸድቁ።

ደረጃ 7፦ የስምሪት ተራውን ከ14 ቀን በፊት ለጥፈው ያክብሩት

ፈረቃው ወደፊት ይዙር፦ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት። የሰው አካል ዘግይቶ መተኛትን ቀድሞ ከመተኛት ይልቅ በቀላሉ ስለሚለምድ፣ ወደኋላ የሚዞር ፈረቃ ሰውን ያደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ በቆጠራ ይሳሳታል። በሁለት ፈረቃ መካከል ቢያንስ 11 ሰዓት ይኑር። ማታ በ4 ሰዓት የወጣን አባል በማግስቱ ጠዋት በ12 ሰዓት መመደብ በስም ሁለት ቀን ቢሆንም በመሐል ያለው 8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ መንገዱና እራቱ ሲቀነስ እንቅልፉ ምን ያህል እንደሚቀር እርስዎ ይቁጠሩት። ማታ በ4 ሰዓት ለሚወጡት ሰርቪስ ከሌለ ለጊዜው በአንድ መስመር የሚሄዱትን አንድ ላይ መድበው ባጃጅ እንዲጋሩ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ለበዓላት የተለየ ገጽ ይክፈቱ። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ መስቀልና ሁለቱ ኢዶች በአግድም፣ የአባላት ስም በቁልቁል ይጻፍ፤ ማን የትኛውን በዓል ተረኛ ሆኖ እንዳሳለፈ ምልክት ይደረግበት፤ ገጹም ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ክርስቲያኑ ለኢድ፣ ሙስሊሙ ለፋሲካ መተካካቱ በየቦታው የተለመደ ነው፤ ሆኖም ጠይቁ እንጂ አትገምቱ።

እረፍት መሰረዝ ግድ ሲሆን ሰራዡ በስሙ ይፈርም፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፍ፣ ምትኩን ቀን እዚያው ይቁረጥ። ፊርማ የሚጠየቅበት ስረዛ ወዲያውኑ ይቀንሳል።

ደረጃ 8፦ የተረኛ ኃላፊዎችን ያዘጋጁ

ወጣቱ ተቋሙን የሚያውቀው በተረኛ ኃላፊው በኩል ነው። ለኃላፊዎች ቢያንስ አንድ ነገር ግዴታ ያድርጉ፦ አባልን በታራሚዎች ፊት አይገሥጹ። የተገሠጸው ወጣት በማግስቱ ያንኑ ዞን ሲረከብ ታራሚዎቹ ትእዛዙን አይሰሙም፤ ጉዳዩ ከስሜት አልፎ የጸጥታ ክፍተት ይሆናል። ጠብ፣ ሞት ወይም ራስን የመጉዳት ሙከራ ያጋጠመው አባል ደግሞ የቀረውን ፈረቃ ከዚያ ቦታ ተነስቶ ይቆይ፣ ወደ ቤቱ ይደውል፣ በቀጣዮቹ ቀናትም ይጠየቅ። ያየውን እንዲተርክ ግን አያስገድዱት፤ ሲፈልግ የሚያናግረው ሰው ማን እንደሆነ ማወቁ ይበቃዋል።

ደረጃ 9፦ ከዓመት በኋላ የሚታይ መንገድ ያዘጋጁ

ከማዕረግ ወደ ማዕረግ ለማለፍ የሚጠየቀውን የአገልግሎት ዘመን፣ ፈተናና ትምህርት በአንድ ገጽ አድርገው ይለጥፉ። በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ የሚማር አባል የትምህርት ሰሌዳውን ሲያቀርብ ፈረቃው በዚያ ይስተካከልለት፤ በዚህ የሚያጡት ጥቂት ነው፣ የተማረ አባል ግን ያገኛሉ። ዲፕሎማና ዲግሪ ያላቸውን በሳምንት አንድ ፈረቃ በመዝገብ ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በእንጨትና በሽመና ሥራ ክፍል ወይም በማኅበራዊ አገልግሎት ያሳትፉ። ቴክኒክና ሙያ ተምሮ መጥቶ ሁለት ዓመት በር ብቻ የጠበቀ ወጣት የተማረው እንደጠፋበት ይሰማዋል።

ሴት አባላትን በተመለከተ፣ የማንዴላ ደንብ 81 የሴት ታራሚዎች ክፍል በሴት ሠራተኞች እንዲጠበቅ ስለሚጠይቅ አንዲት ሴት ስትለቅ ተተኪዋን ከወንዶቹ ፈረቃ መውሰድ አይቻልም። የልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤትና በእርግዝናና በማጥባት ወቅት ከሌሊት ፈረቃ የመውጫ አሠራር አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ቅሬታ እስኪመጣ አይጠብቁ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- የለቀቀውን ለማስፈራራት ክሊራንስ ማዘግየት። የሚፈራው የለቀቀው አይደለም፤ የቀሩት አይተው ቀድመው መውጫ ይፈልጋሉ።
- ጎበዙን ወጣት ሁልጊዜ ከባዱ ምድብ ላይ መመደብ። ጉብዝናው ቅጣት ይሆንበታል።
- አለማማጁን ያለ ምንም ማካካሻ ማሠራት። ቢያንስ በወር አንድ ተጨማሪ የእረፍት ቀን ይስጡት፤ በደረጃ 2 ስሌት ውስጥም ይህን ቀን ያስገቡ።
- የ90 ቀኑን ውይይት በቡድን ማድረግ። በቡድን ሁሉም «ደህና ነው» ይላል።

ደረጃ 10፦ በየሩብ ዓመቱ ይለኩ

ሦስት ቁጥር ይበቃዎታል፦ በአንድ ዙር ስንት ሰው ገባ፣ በ90ኛው ቀን ስንቱ አለ፣ በዓመቱ ስንቱ አለ። ለምሳሌ 20 ገብተው በ90ኛው ቀን 18፣ በዓመቱ 11 ከቀሩ፣ የማለማመድ ሥራው ይዟል፣ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ደረጃ 7ን እንደገና ይክፈቱ። የተሰረዙ እረፍቶችን ቁጥርም ከጎኑ ይጻፉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ችግሩ የትኛው ፈረቃ ላይ እንደሆነ ራሱ ይታይዎታል። ገጹን በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ለተረኛ ኃላፊዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳዩ፤ የአባላቱን ስም ግን ከላዩ ላይ ይሸፍኑት።